ቡገንቪላ በማስጨነቅ አይገራም፦ ስለ ቦንሳይ አያያዙ ለተጻፈ መመሪያ የተሰጠ ምላሽ

ቡገንቪላን ቦንሳይ፣ ማለትም ጥልቀት በሌለው ሳሕን ውስጥ የሚያድግ ትንሽ ዛፍ፣ ስለማድረግ የተጻፈ አንድ መመሪያ ሰሞኑን ከአንዱ ተክል ወዳድ ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ቡገንቪላ ጠንካራ ስለሆነ አይሞትም፤ ካልተጨነቀ ደግሞ አያብብም። ስለዚህ እስኪጠወልግ ውሃ ይከልከል፣ ሥሩ በየዓመቱ ታጥቦ በግማሽ ይቆረጥ፣ ቀንበጡ በወጣ ቁጥር ይቀጠፍ፣ ቁስሉ በልስን (በቁስል መሸፈኛ ቅባት) ይሸፈን፣ ዛፉም ሳሎን ውስጥ ይቀመጥ።

መመሪያው ደህና ነገር የለውም ማለት አይደለም። ጸሐፊው ለጀማሪ ቡገንቪላን መምረጣቸው ልክ ነው። ከአሮጌ ጉቶ መጀመር ከቀጭን ቁርጥራጭ ከመጀመር ይሻላል ማለታቸውም እንዲሁ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ለጥድና ለቀዝቃዛ አገር ዛፎች የወጣውን ደንብ አንስተው፣ እንጨቱም ሥሩም አበባውም ሌላ ዓይነት በሆነ ተክል ላይ ጭነውታል። ቦንሳይ ትንሽ ሆኖ የሚቀረው ስለሚቆረጥ ነው፤ ስለሚራብ አይደለም። የተራበ ተክል ለቆራጩ የሚመልሰው ነገር የለውም።

ስለ ውሃ

መመሪያው ቅጠሉ ሁሉ ተንጠልጥሎ እስኪታይ ውሃ ከልክሉ፣ ከዚያ አጠጡና እንደገና ከልክሉ፣ ዓመቱን ሙሉም እንዲሁ ቀጥሉ ይላል።

መጠነኛ ድርቀት ቡገንቪላን ለአበባ እንደሚቀሰቅስ አይካድም። ግን ድርቀቱ ራሱ አበባ አይሠራም፤ የቀንበጡን ሩጫ ይገታል እንጂ። በቅጠሉ ብብት፣ ማለትም ቅጠሉ ከቀንበጡ ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ ውስጥ ያለችው እምቡጥ ወይ ቀንበጥ ትሆናለች፣ ወይ እሾህ፣ ወይ የአበባ ዘለላ። የቀንበጡ ርዝመት ሲገታና ቅጠሉ ያጠራቀመው ስኳር ሲበዛ ወደ አበባው ታደላለች። ቅጠሉ ገና ለጋ ከሆነ ወይም ባለፈው ጥማት ረግፎ ካለቀ የተጠራቀመ ስኳር የለም። ያኔ ውሃ መከልከል የሚያተርፈው ደረቅ እንጨት ነው።

የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። ከመግረዝ በኋላ ያቆጠቆጡት ቀንበጦች ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር እስኪደርሱ፣ የጫፍ ቅጠሎቻቸውም ጠንከር እስኪሉ በደንብ ይጠጡ። ከዚያ ውሃው ይቀነስ። የቀትር ቅጠል መለኪያ አይሆንም፤ ቡገንቪላ በጠራራ ፀሐይ አፈሩ እርጥብ ሆኖም ቅጠሉን ያላላል፣ ሲመሽ ይመልሰዋል። የሚታየው የማለዳው ቅጠል ነው። ማለዳ ላይ የጫፍ ቅጠሎች ለስለስ ብለው ከተገኙ፣ በሌላ ጊዜ ከሚሰጠው ውሃ ግማሽ ያህሉ ይሰጥ። ይህ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይቀጥላል። በብብቶቹ ውስጥ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ እምቡጦች ብቅ ሲሉ ሙሉ ውሃና ማዳበሪያ ይመለሳል። ከዚህም በኋላ ድርቀቱን የቀጠለ ሰው እምቡጦቹ ሲረግፉ ያያል።

ተንጠልጥሎ እስኪታይ የተባለው ግን ሌላ መዘዝ አለው። ውሃ የሚመጥጡት ቀጫጭን ሥሮች ቀድመው ይሞታሉ። ባለቤቱ ደንግጦ ሳሕኑን ሲያጠግበው ያንን ውሃ የሚጠጣ ሥር የለም። የሞተው ሥር እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ግን አሁንም እንደጠወለገ ነው፤ ስለዚህ ተጨማሪ ውሃ ይፈስበታል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ማለዳም የሚጠወልግ ቡገንቪላ አልተጠማም፤ ሥሩ ተበላሽቷል። የሚያስፈልገው ጥላ፣ የቅጠሉን ግማሽ ማንሳት፣ የበሰበሰውን ሥር ቆርጦ አየር ወደሚያስገባ አፈር ማዛወር ነው። ጥርጣሬ ካለ ያልተቀባ ቀጭን እንጨት አፈሩ ውስጥ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ሰክቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ማውጣት ይበቃል፤ የእንጨቱ ቀለም የጠቆረበት ቦታ እርጥበቱ የት እንዳለ ይናገራል።

ሌላም አለ። ኮምፖስት የበዛበት አፈር አንዴ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ውሃ አይቀበልም። ከላይ የፈሰሰው በዳር በዳር ወርዶ በቀዳዳው ይወጣል፣ መሐሉ ደረቅ ይቀራል፣ ባለቤቱም አጠጣሁ ብሎ ይሄዳል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሳሕን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እስከ አፉ ውሃ ውስጥ ይነከር።

ስለ አፈር

የጓሮ አፈርና ፍግ እኩል በእኩል፣ ከታች ደግሞ ውሃው እንዲወርድ ጠጠር፤ የመመሪያው ቀመር ይህ ነው። ሁለቱም አይሠሩም፤ ጠጠሩ እንዲያውም ነገሩን ያብሳል።

ማንኛውም አፈር ጠጥቶ ትርፉን ካወረደ በኋላ ከግርጌው ውሃ የማይለቅ ንብርብር ይቀራል። የዚህን ንብርብር ከፍታ የሚወስነው የአፈሩ ቅንጣት መጠን ነው፤ የዕቃው ጥልቀት አይለውጠውም። አንድ አፈር 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው እርጥብ ንብርብር የሚይዝ ቢሆን፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ ዕቃ ውስጥ አንድ አምስተኛውን ብቻ ይሸፍናል። ጥልቀቱ 6 ሳንቲ ሜትር በሆነ የቦንሳይ ሳሕን ውስጥ ግን ከሞላ ጎደል ሳሕኑን ሁሉ ይሞላል። ጠጠር ሲነጠፍ ንብርብሩ አይጠፋም፣ ከጠጠሩ በላይ ይቀመጣል፤ ሥሩ ያለውም እዚያው ነው። በትልቅ ዕቃ ለዓመታት ያማረበት ቡገንቪላ በዚያው አፈር ወደ ሳሕን ሲዛወር በወራት ውስጥ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው።

ቅንጣቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ፑሚስ (ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም ቀይ አሽ 4 እጅ፣ በደንብ የበሰበሰ የዛፍ ቅርፊት ወይም ኮምፖስት 1 እጅ ይቀላቀል። አየሩ በጣም ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ኮምፖስቱ እስከ 2 እጅ ሊደርስ ይችላል። ከመቀላቀሉ በፊት ሁሉም በወንፊት ይነፋ። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ያለው ደቃቅ ካልወጣ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ የተደከመበትን ሁሉ ያበላሻል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን ጥሩ ነው።

ስለ ሥር

በየዓመቱ ሥሩን አጥቦ በግማሽ መቁረጥ ሥራቸው ጥቅጥቅ ብሎ አፈሩን ለሚያቅፍ ዛፎች የተባለ ነገር ነው። ቡገንቪላ እንዲህ አይደለም። ሥሩ በቀላሉ ይቀነጠሳል፣ አፈሩንም ጠበቅ አድርጎ አይይዝም። ከዕቃው ሲወጣ የአፈሩ ድፍን እጅ ላይ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ቀድመው የሚበጠሱት ውሃ መጣጮቹ ናቸው። በውሃ ግፊት ማጠብ የቀረውን ይጨርሰዋል።

ሳሕን ውስጥ የተረጋጋ ዛፍ ከ2 እስከ 3 ዓመት አንድ ጊዜ ቢዛወር ይበቃዋል። ጊዜው የሌሊቱ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲረጋ ነው፤ በብርድ የተነካ ሥር ተኝቶ ይቆይና ይበሰብሳል። መጀመሪያ ላዩ ይገረዝ። አፈሩ እርጥበት ያለው፣ ያልጨቀየ ይሁን። በእንጨት ዘንግ የዳሩና የግርጌው አፈር አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይፍታታ፣ መሐሉ አይነካ። ወፋፍራሞቹ ሥሮች በስል መቀስ ይቆረጡ፣ ቀጫጭኖቹ ይተዉ። ዛፉ በሳሕኑ ቀዳዳዎች በኩል በሾለከ ሽቦ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር፤ ይህን እንደ ትርፍ ሥራ የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፣ ነገር ግን ነፋስ የሚወዘውዘው ዛፍ አዲስ ያወጣውን ሥር በየቀኑ ይበጥሳል። ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ብሩህ ጥላ፤ ማዳበሪያ ለ4 ሳምንት ያህል አይሰጥ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፤ መመሪያውም ይህንኑ እንደ ማስረጃ ይጠቅሳል። ከመሬት ተነቅሎ ሥሩ በሙሉ በመጋዝ የተቆረጠ የቡገንቪላ ጉቶ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ታዲያ ሥሩን በግማሽ መቁረጥ ምን ይጎዳል? ልዩነቱ ላዩ ላይ ነው። ጉቶው ሲነቀል ቅርንጫፍም ቅጠልም አይቀርለትም፤ ውሃ የሚያስወጣበት ነገር የለውም፣ በግንዱ ያከማቸውን ይዞ ሥር እስኪያወጣ ይጠብቃል። ተክሉን የሚገድለው ሥሩን አንስቶ ቅጠሉን መተው ነው፤ መመሪያው የሚያዝዘውም ልክ ይህንኑ ነው።

የጉቶውም አያያዝ በመመሪያው በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል፣ ብዙ ጉቶ የሚሞተው ግን በዚሁ ነው። በመጋዝ የተቆረጠው የሥር ፊት በስል ቢላ ይስተካከል፤ የተቦጫጨቀ ልጥ ሥር አያወጣም፣ ይበሰብሳል። የቆረጣው ዳር ሥር ማስወጫ ሆርሞን ይነካ። ኮምፖስት በሌለበት ፑሚስ ብቻ ይተከል፣ አንድ ጊዜ ይጠጣ፣ ከዚያ ጉቶው ከነዕቃው በሚያሳይ ፕላስቲክ ከረጢት ይሸፈን። ብርሃን ያለበት ግን ቀጥተኛ ፀሐይ የማይነካው ቦታ፣ ሙቀቱም ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግንዱ ላይ አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ። እነዚህ ቀንበጦች ሥር ለመኖሩ ማስረጃ አይሆኑም፤ ግንዱ ያከማቸውን እየበሉ ነው የወጡት። በዚህ ጊዜ ከረጢቱን ያነሳ ሰው ቀንበጦቹ በቀናት ውስጥ ሲያሸልቡ ያያል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሁለተኛ ዙር የሚያወጣበት ክምችት ደግሞ ለጉቶው ላይተርፈው ይችላል። ቀንበጦቹ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆኑ፣ ቅጠላቸውም ሲሰፋ፣ መጀመሪያ ከረጢቱ ጥግ ላይ ይበሳ፣ ከሳምንት በኋላ ቀዳዳው ይስፋ፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ጉቶውን ነቅንቆ ሥር አውጥቶ እንደሆነ መፈተሽ ደግሞ ካወጣ በኋላ መበጠስ ነው።

ስለ ቁስል

የመመሪያው ከባዱ ስህተት እዚህ ነው። ትልቁን ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር አስተካክላችሁ ቁረጡ፣ ልስን ቀቡት፣ በሁለት ዓመት ልጡ ይዘጋዋል ይላል።

የብዙ ዛፎች እንጨት አንድ ወጥ ነው። ከልጡ ሥር ያለችው አንዲት የምታድግ ንብርብር በየዓመቱ አዲስ እንጨት ትጨምራለች፣ ቁስልንም ከዳር ወደ መሐል እየተጠቀለለች ትዘጋለች። የቡገንቪላ ግንድ የሚወፍረው በሌላ መንገድ ነው። አዳዲስ የዕድገት ንብርብሮች አንዱ ከሌላው ውጭ በተከታታይ ይፈጠራሉ፣ በጠንካሮቹ የእንጨት ጭረቶች መካከል ደግሞ ለስላሳና ውሃ ያዘለ ሥጋ ይቀራል። ወፍራም ግንድ በመጋዝ ሲቆረጥ በዓይን ይታያል፦ ቀለበት በቀለበት ላይ፣ በየመሐሉ ስፖንጅ የመሰለ ነገር። የተቆረጠው ፊት ሲከርም ለስላሳው ቀድሞ ይበሰብሳል፣ ጠንካራው እየተላጠ እንደ ክር ይቀራል፤ በጣት ሲነካ ይረግፋል።

ስለዚህ እርሳስ የሚያህል ቁስል ሊዘጋ ይችላል፤ የአውራ ጣትን ውፍረት ያለፈው ግን አይዘጋም ብሎ መነሳት ይሻላል። ዋናው ሥራ ቁስሉን መዝጋት ሳይሆን ውሃ እንዳያቁር ማድረግ ነው።

ቡገንቪላ ከተቆረጠበት ወደ ኋላ፣ እስከ ቀጣዩ ሕያው እምቡጥ ድረስ የመድረቅ ልማድ አለው። ከግንዱ ጋር ተስተካክሎ የተቆረጠ ከሆነ ድርቀቱ ግንዱ ውስጥ ይገባል። ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጉጥ ተርፎ ይቆረጥ፣ አዲስ ቀንበጥ ወጥቶ የሕያውና የሙቱ ድንበር እስኪለይ ይጠበቅ። በጥፍር ሲጫር ሕያው ልጥ አረንጓዴ ነው፤ የሞተው ቡናማና ደረቅ ነው። ጉጡ የሚነሳው ድንበሩ ከታወቀ በኋላ፣ በስል ቢላ፣ ተዳፋት ተደርጎ ነው። መጋዙና መቀሱ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጉ።

ሰፊ ቁስል ሲሆን ግንዱ ራሱ የቅርጹ አካል እንዲሆን መፈልፈል ከመሸፈን ይበልጣል። የሞተው እንጨት ለስላሳው ሥጋ እስኪወጣ ይቦርቦር፣ ጎድጓዳው ከታች በኩል ውሃ የሚወርድበት መውጫ ይኑረው፣ ፈጽሞ ሲደርቅም እንጨት ማጠንከሪያ ፈሳሽ ይጠጣ። ልስኑ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። በዳሩ ያለውን ሕያው ልጥ ከመድረቅ ስለሚያድን እዚያ ብቻ በቀጭኑ ይቀባ። ገና እርጥብ በሆነ እንጨት ላይ ሙሉ በሙሉ ከተለጠፈ ግን ውሃውን ውስጥ ዘግቶ መበስበሱን ያፋጥናል፤ ከላይ ያማረ፣ ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ቁስል የሚፈጠረው በዚህ ነው። ጥድ ላይ የሚያምረው የነጣ ደረቅ እንጨትም በቡገንቪላ ላይ በኖራና ድኝ ፈሳሽ ብቻ አይቆይም።

ስለ ሽቦ

መመሪያው የበሰሉ ቅርንጫፎችን በወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠምዝዙ ይላል። ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር የሞላው የቡገንቪላ ቅርንጫፍ አይታጠፍም፤ ይቀነጠሳል። ለጋው አረንጓዴ ቀንበጥ ደግሞ ሲታጠፍ ከመገጣጠሚያው ላይ ነቅሎ ይመጣል። ጊዜው በሁለቱ መካከል ነው፦ ቀንበጡ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሲወፍር፣ ከግርጌው በኩል አረንጓዴው ወደ ቡናማ መለወጥ ሲጀምር። ለስላሳ የአሉሚኒየም ሽቦ፣ ውፍረቱ ከቀንበጡ አንድ ሦስተኛ ያህል ወይም ትንሽ በለጥ ያለ፣ በ45 ዲግሪ ይጠምጠም። በዕለቱ አይጠጣ፤ ውሃ የሞላው ቀንበጥ ቶሎ ይሰበራል። ሲታጠፍ የአንድ እጅ አውራ ጣት መገጣጠሚያው ሥር ገብቶ ይደግፍ፣ ሌላው እጅ ብቻ ያጥፍ። ቡገንቪላ ቶሎ ስለሚወፍር በየ2 ሳምንቱ ይታይ፤ ሽቦው ልጡ ውስጥ መስመጥ ከጀመረ በመቁረጫ እየተቆራረጠ ይነሳ፤ ልፍታው ማለት ቅርንጫፉን መስበር ነው።

እውነቱን ለመናገር የቡገንቪላ ቅርጽ አብዛኛው ከመቀስ የሚመጣ ነው። በተፈለገው አቅጣጫ ወደሚያይ እምቡጥ መቁረጥ፣ ማሳደግ፣ እንደገና መቁረጥ። እያንዳንዱ አዲስ ክፍል ከፊተኛው ስለሚቀጥን ቅርንጫፉ ሽቦ የማይሰጠውን አቀጣጠን ያገኛል።

ስለ መቀጠፍ

ጸሐፊው ጫፉን በወጣ ቁጥር መቀጠፍ ቅጠሉን ያሳንሳል፣ አበባውን ያበዛል ይላሉ። ቅጠሉን በመጠኑ ያሳንሳል። አበባውን ግን ያጠፋል፤ ቡገንቪላ የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ ቀንበጥ እንዳይረዝም የተከለከለ ዛፍ አበባ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። በዚያ ላይ ግንድና ቅርንጫፍ የሚወፍረው በነጻ በሚሮጥ ቀንበጥ ነው። ግርጌውን ማወፈር የፈለገ ከታች አንድ ቀንበጥ መርጦ 1 ሜትርና ከዚያም በላይ ይልቀቀው፣ ውፍረቱ ሲበቃ ያንሳው፤ ቁስሉ የሚመጣው ከኋላ በኩል እንዲሆን ቀድሞ ይታሰብ።

ቅርጹ ለደረሰ ዛፍ አንድ ዑደት እንዲህ ይሄዳል። አበባው ሲያልቅ እያንዳንዱ ቀንበጥ 2 ወይም 3 አንጓ ብቻ ቀርቶት ይቆረጣል። ከዚያ መቀስ ይቀመጣል። እንደ ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀንበጡ ያድጋል፣ ይበስላል፣ ቀደም ብሎ የተነገረው የውሃ ቅነሳ ይደረጋል፣ ያብባል። አበባ በተወሰነ ጊዜ የሚፈለግ ከሆነ የመጨረሻው ገረዛ ከዚያ ቀን ቢያንስ 8 ሳምንት ይቅደም።

እሾህም መልእክት አለው። እሾህና የአበባ ዘለላ የሚወጡት ከአንድ ቦታ፣ ከዚያው ብብት ነው፤ እሾህ የሆነው አበባ ሆኖ አይመለስም። ቀንበጡ በሙሉ ረጃጅም እሾህ ከሆነ ተክሉ ጥላ፣ ትርፍ ናይትሮጅን ወይም ትርፍ ውሃ አግኝቷል ማለት ነው።

ቀለም ያለው ነገር አበባው አይደለም፤ አበቦቹን የከበቡት ሦስት ቅጠሎች ናቸው፣ እውነተኞቹ አበቦች በመሐላቸው ያሉት ነጣ ያሉ ትንንሽ ቱቦዎች ናቸው። ይህ ለቅርጽ ሥራ ጉዳይ አለው፤ እነዚያ ባለቀለም ቅጠሎች በገረዛ ብዙም አያንሱም። 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ 4 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ቀለም ሲሸፈን ግንዱም ቅርንጫፉም ይሰወራል። ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዛፍ መጠኑን ይችለዋል። ከዚያ ያነሰ የሚፈልግ ቅጠሉ ትንሽ የሆነ ዝርያ ይምረጥ፤ ፒንክ ፒክሲ የሚባለው አንዱ ነው። መመሪያው የሚያሳየው እንደ ጥድ በጠፍጣፋ ንብርብር የተደረደረ ቅርጽም ለዚህ ተክል ብድር ልብስ ነው፤ ባበበ ቁጥር ንብርብሮቹ ይደባለቃሉ። ክብ ያለ አናት፣ በቅርንጫፎቹ መካከል አበባው የሚሞላው ክፍተት፣ ወይም ወደ ታች የሚወርድ ቅርጽ ይበልጥ ይስማማዋል።

ስለ ማዳበሪያ

ለአበባ ይበጃል የሚባለው 10-50-10 ዓይነት ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ አበባ አያመጣም፤ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም መጠን ናቸው። ትርፍ ፎስፈረስ ተክሉ ብረትና ዚንክ እንዳይወስድ ያደርጋል፤ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ይነጣሉ፣ ጅማቶቻቸው ብቻ አረንጓዴ ይቀራሉ። ባለቤቱ ይህን ረሃብ መስሎት ያንኑ ማዳበሪያ ይጨምራል። በዕድገት ጊዜ 20-20-20 ወይም ፎስፈረሱ ከዚያ ያነሰ፣ በመለያው ላይ ከተጻፈው ግማሽ መጠን፣ በየ2 ሳምንቱ በቂ ነው። ንጣቱ በአዲስ ቅጠል ላይ ከሆነ ኬሌት የተደረገ (ተክሉ በቀላሉ እንዲወስደው የተዘጋጀ) ብረት ይሰጥ፣ የውሃው ፒኤችም ይታይ። በአሮጌ ቅጠል ላይ ከሆነ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ማግኒዥየም ነው።

ሳሎን ውስጥ ስለማስቀመጥ

በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓታት ቀጥተኛ ፀሐይ ያላገኘ ቡገንቪላ በአንጓዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይሰፋል፣ አበባው ይቀራል። ያበበውን ዛፍ ለእንግዳ ብሎ ወደ ውስጥ ማስገባትም በቀናት ውስጥ ቀለሙን ሊያረግፈው ይችላል፤ ለአንድ ምሽት ገብቶ በማግስቱ ቢወጣ ነው የሚያዋጣው። ብርድ ባለበት አገር ክረምቱን ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሙቀት ያለው ብሩህ ክፍል ይበቃዋል። ቅጠሉን ቢያረግፍ አይደንግጡ፤ ቅጠል የሌለው ዛፍ ውሃ አያስወጣምና አፈሩ ሊደርቅ ሲል ብቻ በጥቂቱ ይጠጣ። በመሬት ያለ ቡገንቪላ አጭር ውርጭ ይችላል ተብሎ ሳሕኑ ውጭ አይተው፤ በጥልቅ መሬት ያለ ሥር የማይደርሰው ብርድ 6 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ያለውን ያገኘዋል።

የቅጠል ዳር መበላት

መመሪያው በመጨረሻ ዳር ዳሩ ግማሽ ክብ እየሆነ የተጎመደ ቅጠልን የፀሐይ ቃጠሎ ነው ብሎ ተክሉን ወደ ጥላ መውሰድ ይመክራል። ፀሐይ ያቃጠለው ቅጠል ይነጣል ወይም ቡናማ ይሆናል እንጂ አይጎድልም። የሚበላው ወገቡን ቀለበት እያደረገ የሚራመድ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም አረንጓዴ ወይም ቡናማ አባጨጓሬ ነው። የሚወጣው ሌሊት ነው፤ ቀን ቀን ግንጥል መስሎ ቀንበጡ ላይ ስለሚለጠፍ ዓይን ያልፈዋል። ከጨለመ በኋላ በባትሪ ብርሃን የቅጠሉን ሥር ማየትና በእጅ መልቀም ለአንድ ሳሕን ይበቃል። ከበዛ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚረጭ ሆኖ ይገኛል። የሚሠራው አባጨጓሬው ሲበላው ስለሆነ በቅጠሉ በሁለቱም ፊት ይረጭ፤ ፀሐይ ስለምታበላሸው አመሻሽ ላይ፤ ትልልቆቹን ብዙም ስለማይጎዳ ትሎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ፤ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ይደገም።